በዘጠነኛው መስመር ላይ የቀረው ክፍተት

ሽማግሌው ታማቲ በዚያ ቀን ከአምስት ሰዓት በኋላ የዝንጅብል ብስኩታቸውን መብላት አቆሙ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ መርከቧ በተንገላታች ቁጥር አንድ ብስኩት እየቆረጠሙ ሆዳቸውን ሲያስታግሡ የከረሙ ሰው፣ ፓኮውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አንድ ቦታ ብቻ ማየት ጀመሩ። ፓሬ ይህን ልብ ማለት ነበረባት። እሷ ግን ዐይኗ ባሕሩ ላይ ነበር፤ የምትከፈለውም ባሕር ለማየት ነው።

መርከቧ ከኋላዋ ስምንት ኪሎ ሜትር የሚሆን ገመድ ትጎትታለች። በገመዱ ውስጥ ከባሕሩ ወለል ሥር የሚመለሰውን ድምፅ የሚሰሙ ጆሮዎች ተሰክተዋል። ከገመዱ ፊት ደግሞ የአየር ጠመንጃዎች አሉ። በየሃያ ሰከንዱ ውኃው ውስጥ ዱም ይላሉ፤ ድምፁ ወለሉን ሰንጥቆ ይወርድና ምድር ከምድር ሥር ገብታ የተቆለፈችበትን ቦታ ነክቶ ይመለሳል። ነዳጅ ፍለጋ አይደለም፤ ነዳጅ ቢሆን ኖሮ ታማቲ ገመዱን በጥርሳቸው ይበጥሱት ነበር። የሚፈለገው የሚቀጥለው ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ የት እንደተኛ ነው።

ዱም የሚለው ነገር ለሰው የጫማውን ሶል ነዘር ከማድረግ አያልፍም። በጆሮው ለሚያይ ፍጥረት ግን ዐይን እንደ ማውጣት ነው። ለዚህ ነው ፓሬ አቅርቦ ማያዋን ይዛ ማማው ላይ የቆመችው። ደንቡ አጭር ነው፦ ዓሣ ነባሪው ብቻውን ከሆነ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ድረስ ቀርቦ ማለፍ ይቻላል፤ ግልገል ካለ ግን ድንበሩ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ከዚያ ከቀረበ ጠመንጃው ይቆማል። አቁሙ የምትለው ፓሬ ናት፤ እሷ ካለች ካፒቴኑም ቢሆን አይከራከርም።

ዘጠነኛው መስመር የመጨረሻው ነበር። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከደቡብ ከባድ ነፋስ ይገባል ተብሏል፤ ከነፋሱ በፊት መስመሩን ጨርሰው ወደብ መግባት አለባቸው። መርከቧ ደግሞ ወደዚህ ባሕር የምትመለሰው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። መስመሩ በዋይሆሮ ፊት ለፊት ያልፋል። ዋይሆሮ የፓሬ ባል መንደር ናት፤ የስምንት ዓመት ልጇ ንጋይሬ የምትማርበት ትምህርት ቤት ከባሕሩ ዳር ሦስት መቶ እርምጃ ላይ ተሠርቷል። ሱናሚ ቢመጣ ልጆቹ ሮጠው ኮረብታው ላይ ለመድረስ አሥራ አራት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ማዕበሉ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ግማሽ ሰዓት አላችሁ የሚሉም አሉ። ምክር ቤቱ ማስረጃ አምጡና ትምህርት ቤቱን ወደ ኮረብታው እናወጣዋለን ብሏል። ማስረጃው ይህ መስመር ነው። ፓሬ በየሃያ ሰከንዱ ዱም ሲል በሰማች ቁጥር ልጇ አንድ እርምጃ ወደ ኮረብታው የወጣች ያህል ይሰማት ነበር።

የመንደሩ ሰው ለዚህ ጥናት እሺ ያለው በቀላሉ አይደለም። ለዋይሆሮ ሰው ዓሣ ነባሪ ዘመድ ነው፤ ባሕር ዳር ወጥቶ ሲሞት ይለቀስለታል፣ ስም ይወጣለታል፣ ይቀበራል። በማራኤው፣ ማለት በመሰብሰቢያው ቤት፣ ሁለት ቀን ሲከራከሩ ቆዩና ታማቲ ተነሡ። የወንድሜ ልጅ ሚስት ደቡብ፣ ካይኮራ ባሕር ዳር ነው ያደገችው፣ አባቷ ለቱሪስት ዓሣ ነባሪ የሚያሳይ ጀልባ ነበረው፣ እሷ ትሂድ፤ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ፤ ባሕሩ ላይ የእሷ ቃል የእኛ ቃል ነው አሉ። በማራኤው ቆሞ የተነገረ ቃል አይታጠፍም። ተናጋሪው በኋላ ቢጸጸት እንኳ ተሸክሞት ይኖራል እንጂ መልሶ አይውጠውም። ከዚያ በኋላ ሰውየው በሰባ አንድ ዓመታቸው የሦስት ሳምንት የተመልካችነት ኮርስ ወስደው፣ ፈተናውን አልፈው፣ ምስክር ወረቀታቸውን ፍሪጅ ላይ ለጥፈው መጡ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ከፊት በስተግራ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እንፋሎት ወጣ። ወደ ፊት የተደፋ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ። እንዲህ የሚተነፍሰው ባለ ትልቅ ራሱ ዓሣ ነባሪ ብቻ ነው፤ ፓሬ አቅርቦ ማያውን ከማንሣቷ በፊት አውቃዋለች። ትንፋሹን ቆጠረች። ጀርባው ተለጠጠ፣ ጅራቱ ተነሥቶ አንድ አፍታ ቆመና ቀጥ ብሎ ወረደ። አምስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ። የእጅ ሰዓቷን ተጫነች።

እዚህ ላይ ስለ ካይኮራ አንድ ነገር መናገር ግድ ነው። በካይኮራ ባሕር የሚኖሩት ወንዶቹ ብቻ ናቸው። እናቶቹና ግልገሎቹ ቀዝቃዛውን ውኃ ስለማይወዱ ወደ ሰሜን ይቀራሉ። ፓሬ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በአባቷ ጀልባ ላይ ሆና ጅራት ሲወርድ ሺህ ጊዜ አይታለች፤ ጅራቱ ከወረደ በኋላ የሚቀረው ባዶ ውኃ ነው። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ ሻይ ይቀዳል፣ ባሕር ያዞረው ቱሪስት ጀርባው ይታሻል። ጅራት ወረደ ማለት ሰውየው ቤቱን ዘግቶ ሄደ ማለት ነው፤ ደጃፉ ላይ የሚቀር ልጅ የለም። የካይኮራ ሰው ይህን ሲያውቅ በአጥንቱ ነው የሚያውቀው። በአጥንት የታወቀ ነገር ደግሞ መጥፎ ጠባይ አለው፣ ዳግመኛ አይጠየቅም።

ሬዲዮው ጮኸ። ኢሶቤል ነበረች፤ የጥናቱ መሪ፣ ይህን መስመር ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ደጅ የጠናች ሴት።

«ብቻውን ነው?» አለች።

«ብቻውን ነው። ወንድ ነው» አለች ፓሬ። «መንገዳችንን ካልለቀቅን በአንድ ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ እናልፈዋለን።»

ከታች ድምፅ የሚያዳምጠው ኮሊንም አንድ እንስሳ ብቻ ጥልቁ ውስጥ ጠቅ ጠቅ ሲል እንደሚሰማው አረጋገጠ። ኢሶቤል በረጅሙ ስትተነፍስ በሬዲዮው ተሰማ። ፓሬ ወረቀቷን አውጥታ ጻፈች፦ አንድ፣ ወንድ፣ ብቻውን።

«እዚያ ጅራቱ የወረደበት ላይ» አሉ ታማቲ፣ «አንዲት ትንሽ ነገር ትታየኛለች።»

ፓሬ አየች። ጥቁር ነገር፣ ዝቅ ያለ፣ ማዕበሉ ሲያልፍበት የሚጠፋ። ሰኞ ዕለት በጣለው ዝናብ ወንዞቹ ከተጨፈጨፈው ደን የተረፈውን እንጨት ሁሉ ጠርገው ባሕር ውስጥ ከተውት ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ የቆጠረችው ግንድ ከመቶ ይበልጣል።

«ግንድ ነው፣ አጎቴ።»

«ግንድ አልመሰለኝም።»

«ትናንት ያን በርሜል ዓሣ ነባሪ ነው ብለው ምሳ አላስጣሉንም?» አለች እየሳቀች። «ይልቅ ብስኩትዎን ይብሉ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አያጡም። እናንተ የካይኮራ ሰዎች እኮ እግዜር ዓሣ ነባሪን የፈጠረው ቲኬት እንዲቆረጥበት ይመስላችኋል ብለው ከዚህ በፊት አሥር ጊዜ አብሽቀዋታል። አሁን ግን ቃሉ ያንቺ ነው ብቻ አሉና ዝም አሉ። አቅርቦ ማያቸውን ከዚያች ቦታ አልነቀሉም።

መርከቧ ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ የሚሮጥ ሰው ይቀድማታል። ያም ሆኖ ትቀርባለች። ሁለት ኪሎ ሜትር ከሰባት መቶ። ዱም። ሁለት ከአራት መቶ። ዱም። ፓሬ ቀኙን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ሻይዋን ጠጣች። የሽማግሌው ዝምታ ግን ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይቆረቁራት ጀመር። እኒህ ሰው በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ዝም ያሉት ሲተኙ ብቻ ነው፤ ሲተኙም ያንኮራፋሉ።

ዞር ብላ አየቻቸው። ብስኩቱ አልተነካም።

ያን ጊዜ አቅርቦ ማያውን መልሳ አነሣች። ሁለት ኪሎ ሜትር። በዚያ አካባቢ ሌሎች ሦስት ግንዶች ነበሩ፤ ሦስቱም የባሕሩ ፍሰት እየገፋቸው ወደ ደቡብ ወርደዋል። አራተኛው አልሄደም። ጅራቱ በወረደበት ቦታ፣ በዚያው ቦታ አለ። ዱም። ከጠመንጃው በኋላ ጥቁሩ ነገር ዞረ። ግንድ በማዕበል ይዞራል፤ ይሄ ግን ከማዕበሉ በተቃራኒ ነው የዞረው። ከዚያም አንድ ትንሽ ጭስ፣ ሕፃን ብርድ ላይ ሲተነፍስ የምታክል፣ ወደ ፊት ተደፍታ ወደ ግራ አዘንብላ ወጣችና ጠፋች።

ይህ ባሕር የካይኮራ አይደለም፤ እናቶቹ የሚቀሩበት የሰሜኑ ውኃ ነው።

ግልገሎች ጥልቁ ውኃ ውስጥ መውረድ አይችሉም። እናት ስትወርድ ልጇን ከውኃው በላይ ትታት ትሄዳለች፤ ልጅም ከላይ ሆና የእናቷን ጠቅ ጠቅ እየሰማች ትጠብቃለች። ፓሬ ይህን በመጽሐፍ አንብባዋለች፤ ፈተናም ላይ መልሳዋለች። ጠመንጃው ደግሞ አሁን በየሃያ ሰከንዱ በእናትና በልጅ መካከል ያለውን ድምፅ እየቆረጠ ነው።

አንድ ኪሎ ሜትር ከስምንት መቶ። ድንበሩ ላይ ለመድረስ ሁለት ደቂቃ ቢቀር ነው። በስተቀኝ፣ ከጭጋጉ በላይ፣ የዋይሆሮ ኮረብታ ይታያል፤ ከሥሩ ያለውን የትምህርት ቤት ጣሪያ አቅርቦ ማያውን ብታዞር ታየው ነበር። አላዞረችም። ወረቀቱ ላይ ብቻውን ተብሎ ተጽፏል። ኮሊን አንድ ነው ብሏል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱን ዝም ብትለው ዝም ይላታል። ግልገሏ ትደነቁር ይሆናል ወይ አትደነቁርም፣ እናቷን ታጣት ይሆናል ወይ አታጣትም፤ ማንም አያውቅም። የንጋይሬ ግን ይታወቃል። አሥራ አራት ደቂቃ። ሆድ ይፍጀው ብላ ልትተወው ትችላለች። እውነቱን ለመናገር፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተወችው። አንድ ዱም አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ።

«አጎቴ» አለች። «አይተዋታል?»

ታማቲ አቅርቦ ማያቸውን አውርደው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውት ነበር። የእሳቸውም ሦስት የልጅ ልጆች እዚያው ትምህርት ቤት ናቸው።

«እኔ ማራኤው ላይ ተናግሬ ጨርሻለሁ» አሉ። «አሁን ያለው ያንቺ አፍ ነው።»

ሬዲዮውን ተጫነች።

«አቁሙ» አለች። «ጠመንጃውን አቁሙ። ግልገል አለች።»

«ብቻውን ነው ብለሽኝ ነበር» አለች ኢሶቤል።

«ተሳስቻለሁ። እናት ናት። ልጇ ከላይ ቀርታለች፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ልንገባ ነው። አቁሙ።»

ዱም ሳይል ሃያ ሰከንድ አለፈ። ሌላም ሃያ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ የመርከቧ ሞተርና የወፎቹ ጩኸት እንደ አዲስ ተሰማ። ፓሬ ጆሮዋ ጭው አለባት።

ኢሶቤል ደረጃውን በሩጫ ወጥታ መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። አቅርቦ ማያውን ተቀብላ ብዙ አየች፤ ግንድ ነው የሚታየኝ አለች፤ ደግማ አየችና አቅርቦ ማያውን መለሰች። ትንሿ ጭስ ወጥታ ነበር።

«መቼ ነው ያያችኋት?» አለች።

ፓሬ ታማቲን ሳታይ መለሰች። «ትንሽ ነገር እንዳለ የተነገረኝ ከሩብ ሰዓት በፊት ነው። ግንድ ነው አልኩ።»

ኢሶቤል የካርታውን ሰሌዳ የመርከቧ መደገፊያ ብረት ላይ አስደግፋ በጣቷ አሳየቻት። ያኔውኑ ብትነግሪኝ መርከቧን አራት መቶ ሜትር ወደ ቀኝ አውጥቼ ሳላቆም አልፋት ነበር፤ አራት መቶ ሜትር ለመስመሩ ምንም አይደለም፣ ገመዱም ለመታጠፍ ጊዜ ይኖረው ነበር አለቻት። አሁን ስምንት ኪሎ ሜትር ገመድ በሁለት ደቂቃ አይታጠፍም። ዞሮ ለመመለስም ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ነፋሱ አይጠብቅም። ይህን ሁሉ የተናገረችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ፓሬ የምትገባበት ጠፋት።

የሙያ ኩራት ክፉ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሙያ የሌላቸው ናቸው። ቢሆንም ያን ቀን ዋይሆሮን የጎዳት ዓሣ ነባሪዋ አልነበረችም። አስቀድመው ያዩትን ሽማግሌ ብስኩትዎን ይብሉ ያለችው አፍ ናት የጎዳቻት፤ ፓሬም ይህን የሚነግራት ሳያስፈልግ አውቃዋለች።

መርከቧ መቆም አትችልም፤ ከቆመች ገመዱ ይሰጥማል። ዝም ብላ ሄደች። ግልገሏን በአንድ ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ በስተግራ አለፏት። ልትሸሽ አልሞከረችም፤ እዚያው ቦታ፣ በየደቂቃው ትንሽ ጭሷን እያወጣች ትዞራለች። ፓሬ ወደ መርከቧ ኋላ ሄዳ ማየቷን ቀጠለች። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ጅራቱ ከወረደ አርባ ደቂቃ ሞላ። ጠመንጃው ሳይቆም በፊት ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ፣ እናቲቱ ከጥልቁ ውስጥ ደንግጣ ወዴት እንደሄደች ማንም አያውቅም። ኮሊን ጠቅ ጠቁ ጠፍቶብኛል አለ። አርባ አምስት። ታማቲ አጠገቧ መጥተው ቆሙና በቋንቋቸው ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ይሉ ጀመር፤ ጸሎት ይሁን የዘመድ ስም ጥሪ ፓሬ አልጠየቀችም።

በአርባ ስምንተኛው ደቂቃ ከግልገሏ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ ውኃው ተከፈተ። ትልቁ እንፋሎት ወጣ። ትንሿ ጥቁር ነገር ወደዚያ ስትሄድ ታየች፤ ከዚያ ሁለቱ አንድ ሆነው ተጠጉና መለየት አልተቻለም። ፓሬ አለቀሰች።

ደንቡ የሚለው ሰዓት ከሞላ በኋላ ጠመንጃው ቀስ በቀስ ተጀመረ፣ መስመሩም ከነፋሱ በፊት አለቀ። ኢሶቤል ማታ ሥዕሉን አሳየቻቸው። ከሰሜን እስከ ደቡብ የተዘረጋ ግራጫ ጥልፍ፣ የምድር ንብርብር፤ መካከሉ ላይ ስምንት ኪሎ ሜትር የሚሆን ነጭ ባዶ። ባዶው በዋይሆሮ ፊት ለፊት ነው። ከሁለቱ ጎን ተነሥቶ መገመት ይቻላል፣ መማል ግን አይቻልም አለች። ምክር ቤቱ ደግሞ የሚፈልገው መሐላ ነው።

እሑድ ዕለት ማራኤው ሞልቶ ነበር። ፓሬ ተነሥታ ክፍተቱ የእኔ ነው አለች፤ ሌላ ማስተባበያ አልጨመረችም። ታማቲም ተነሡና መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ቃሌን እጠብቃለሁ ብዬ ዐይኔ ያየውን ዋጥኩት፤ ቃል እንዲህ የሚጠበቅ መስሎኝ ነበር አሉ። የተወሰኑት ሰዎች ዘመዶቻችንን አድናችኋል ብለው አመሰገኑ። አንዲት እናት ግን ሕፃን እንዳዘለች ከኋላ ቆመች።

«የዓሣ ነባሪዋ ልጅ ተረፈች» አለች። «የእኛዎቹስ?»

ስብሰባው ትንሽ ቆይቶ ተበተነ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ንጋይሬ የእናቷን እጅ ይዛ በአንድ እግሯ እየዘለለች ነበር። ትንሿ ፈርታ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ፓሬ አላውቅም፣ እናቷን እየጠበቀች ነበር አለች።

«ስንት ደቂቃ?»

«አርባ ስምንት።»

ንጋይሬ መዝለሏን አቆመች። «እኛ እናታችንን አንጠብቅም» አለች። «መምህራችን ነግራናለች። መሬት ሲነቃነቅ እናትሽ ከኋላ ብትጠራሽም አትዙሪ፣ ኮረብታውን ብቻ እያየሽ ሩጪ ብላናለች።»

«ልክ ብላለች።»

«አንቺም እኔን ለመውሰድ እንዳትመጪ። ወላጆች አይመጡም ተብሏል። መንገዱን ይዘጉታል።» ቀና ብላ አየቻት። «እሺ በይ።»

ባሕሩ በስተግራቸው ነበር፤ ነፋሱ አልፎ ጸጥ ብሏል፤ የሰኞው ግንድ ሁሉ አሸዋው ላይ ተኮልኩሏል።

«እሺ፣ አልመጣም» አለች ፓሬ። በዚያ ሳምንት፣ ብቻውን ነው ካለችው ቀጥሎ፣ እውነት ያልሆነ ቃል ስትሰጥ ሁለተኛ ጊዜዋ ነበር፤ ይኸኛውን ግን እያወቀች ነው የሰጠችው።